የ6ኛ ክፍል ውጤት የሚናገረውና የማይናገረው፦ ከሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሆነን ስናየው

(በትምህርት ፋኩልቲ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ ርዕሳነ መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክልላዊ ፈተና ታርሞ ውጤቱ ሲገለጥ የሚዘጋጀው፣ በግራ በኩል የትምህርት ቤቶችን ስም፣ በመካከል የተፈታኞችን ቁጥር፣ በቀኝ በኩል ያለፉትን በመቶኛ የሚያሳየው ነው። ከላይ የሰፈረው ትምህርት ቤት በመድረክ ይመሰገናል፤ ከታች የሰፈረው ርዕሰ መምህር በግምገማ ላይ ይጠየቃል። ወላጅም ሠንጠረዡን ሰምቶ ልጁን ከአንዱ ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ሌላው ለመውሰድ ደጅ ይጠናል። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያህል ሰው የሚያንቀሳቅስ ከሆነ የሚናገረው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር የእኛ የትምህርት ሰዎች ግዴታ ይመስለኛል።

አዲስ ከተማ ስል መርካቶን ያቀፈውን የአዲስ አበባውን ክፍለ ከተማ እንዳታስቡብኝ። ከሐዋሳ ስምንት ክፍላተ ከተማ አንዱ የሆነውን፣ ብዙዎቻችሁ ለማስተማር ልምምድ የወጣችሁበትን የራሳችንን አዲስ ከተማ ማለቴ ነው። የየትኛውንም ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ ውጤቱንም አላነብም። ይህን የማደርገው ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። የክርክሬ ፍሬ ነገር ከዚያ ሠንጠረዥ ተነሥቶ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ብርታት ወይም ድክመት መፍረድ እንደማይቻል ማሳየት ስለሆነ፣ ስም ጠርቼ ብናገር የምተቸውን ነገር ራሴ ማድረጌ ነው።

ክርክሬ እነሆ። ፈተናው በአማካይ ተጠቅልሎ ስለ ትምህርት ቤት እንዲናገር ሲጠየቅ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚናገረው ወደ ትምህርት ቤቱ ማን እንደ መጣ፣ ስንት ሆኖ እንደ መጣና በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጠየቀ ነው። ደግሞም የሚናገረው ከ6 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ርዕሰ መምህር በእርግጥ ማወቅ የሚያስፈልገውን ነገር ግን በ2ኛ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ደቂቃ በመስጠት ማወቅ ይቻል ነበር።

ከታሪኩ ልጀምር። በደርግ ዘመን የተማሩ ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መውሰዳቸውን፣ በተለይም የ8ኛውን፣ ሁሉም ሰው «ሚኒስትሪ» የሚለውን፣ በምን ዓይነት ፍርሃት እንደ ጠበቁት ይነግሯችኋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ6-2-4ን አደረጃጀት ትቶ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አደረገው፤ በ6ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ፈተናም ቀረ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆችም በተከታታይ ምዘና እየታዩ ያለ መድገም እንዲዘዋወሩ ተወሰነ። አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ 6-2-4 መልሶናል፤ የ6ኛ ክፍል ፈተናም ተመልሷል። ልጆቻችን አያቶቻቸው በተፈተኑበት ክፍል መልሰው ይፈተናሉ ማለት ነው።

እነዚህ ፈተናዎች ሁሉ የተሠሩት ለአንድ ሥራ ነበር፤ ልጅን ከልጅ ለመለየት፣ ማን ይለፍ ማን ይድገም የሚለውን ለመወሰን። ትምህርት ቤትን ለመመዘን አልተሠሩም። ነገር ግን የልጆችን ነጥብ ደምሮ ለቁጥራቸው ማካፈል እጅግ ቀላል ስለሆነ፣ ለአንዱ ሥራ የተሠራው መሣሪያ ሳይታወቅ ለሌላ ሥራ ዋለ። እኛ በቡና አገር ስለምንኖር በዚሁ ልመስለው፦ ሚዛን የጆንያውን ኪሎ በትክክል ይናገራል፤ የገበሬውን ትጋት ግን አይናገርም። በዝናብ አጠር ቁልቁለት ላይ 3 ኩንታል የለቀመ ገበሬ በለም መሬት ላይ 5 ኩንታል ከለቀመው ይልቅ የሠራ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ያልተመዘነውን ነገር ያነበብንበት እኛ ነን።

ትምህርትን እንጂ ተማሪን ለመለየት ያልታሰበ ምዘናም ነበረን፤ ሀገር አቀፍ የተማሪዎች የትምህርት ቅበላ ጥናት። መጀመሪያ በ1992 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ከዚያም በ1996፣ በ2000፣ በ2004 እና በ2008 ዓ.ም. ተደገመ። የሚመዘኑት የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናሙና ናቸው። የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 በመቶ፣ በ2000 ዓ.ም. 40.9 በመቶ ነበር። የ8ኛ ክፍል በ1996 ዓ.ም. 39.7፣ በ2000 ዓ.ም. 35.6 በመቶ ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ሲጠቀሱ ሰምታችኋል። «ከመቶው 40 ያውቃሉ» ተብሎም ይተረጎማል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፈተናው ባለምርጫ ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ጥያቄውን ጨርሶ ያላነበበ ልጅ ዝም ብሎ ቢያጠቁር ከመቶው 25 ያህሉን ያገኛል። ስለዚህ የሠንጠረዡ ወለል ዜሮ አይደለም፤ 25 ነው። አንድ ልጅ የሚያውቀውን መልሶ የማያውቀውን በግምት ቢሞላ፣ 40.9 ለማግኘት በእውነት ማወቅ ያለበት ከመቶው 21 ያህሉን ብቻ ነው። 48.5 ለማግኘት ደግሞ 31 ያህሉን። በ8ኛ ክፍል 35.6 ለማግኘት 14 ይበቃል። እርግጥ ሁሉም ልጅ እንዲህ አይገምትም፤ ባዶ የሚተውም አለ፣ ሁለቱን ምርጫ አስወግዶ ከሁለቱ የሚመርጥም አለ። ቢሆንም ሒሳቡ አንድ ነገር ያሳያል። ከ48.5 ወደ 40.9 መውረድ በወረቀት ላይ 7.6 ነጥብ ብቻ ነው፤ በዕውቀት ረገድ ግን ልጁ ከያዘው ሲሶው ጠፋ እንደ ማለት ነው። አማካይ ውጤት እንዲህ ነው፤ ትልቁን ነገር አሳንሶ፣ ትንሹንም አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት መምህራን ሰነፉ? ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ነበረ እንይ። በ1987 ዓ.ም. በሀገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ቀድሞ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው በአብዛኛው የከተማው ልጅ፣ ማንበብ የሚችል ወላጅ ያለው ልጅ ነበር። በኋላ የመጣው በቤቱ መጽሐፍ የሌለው፣ እናቱ ፊደል ያልቆጠረች፣ ጠዋት ከብት አግዶ ከሰዓት በፈረቃ የሚማር ልጅ ነው። ይህ ልጅ በመምጣቱ አማካዩ ወረደ፤ ሀገሪቱ ግን በመምጣቱ አተረፈች። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ልጁ ከነጭራሹ ባይመጣ ይሻል ነበር ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት ድምዳሜ በአፍ ባይነገርም በሥራ ሲገለጥ ግን አይተናል፤ ደካማ ተማሪ ከፈተና ዓመት በፊት «ሌላ ትምህርት ቤት ይሻልሃል» ሲባል።

ወደ ክፍለ ከተማችን ልመለስ። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ 400 ተፈታኝ የሚያቀርብ የመንግሥት ትምህርት ቤትና 25 ተፈታኝ የሚያቀርብ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ሁለቱም በትክክል እኩል ያስተምራሉ እንበል፤ በሁለቱም እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው። የ25ቱ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት 15 ልጆች ያሳልፋል ተብሎ ይጠበቃል፤ ነገር ግን በአጋጣሚ ብቻ፣ አንዱ ታምሞ ሌላው ዕድል ቀንቶት፣ ሁለት ሦስት ልጅ ወዲህ ወይም ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። ያ ማለት 10 ነጥብ ነው። በአንዱ ዓመት 72፣ በሚቀጥለው 48 ቢያመጣ ማንም ምንም አልለወጠም። የ400ው ትምህርት ቤት በአንጻሩ በአጋጣሚ የሚዋዥቀው በ2 ነጥብ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ አናት ላይ ትንንሾቹን ታገኛላችሁ፤ ሰው ሁሉ «ትንሽ ትምህርት ቤት ይሻላል» ይላል። ሠንጠረዡን ገልብጣችሁ ከግርጌ ብታዩ ግን እዚያም ትንንሾቹን ታገኛላችሁ።

ይህ በባሕር ማዶም ብዙ ገንዘብ ያስከፈለ ስሕተት ነው። ሃዋርድ ዌይነር የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ግዛት የ1,662 ትምህርት ቤቶችን የ5ኛ ክፍል የንባብ ውጤት መርምሮ ነበር። ከፍተኛ ውጤት ካመጡት 50 ትምህርት ቤቶች 6ቱ ከ50ዎቹ እጅግ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች መካከል ነበሩ፤ መጠን ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው አንድ ወይም ሁለት ነው። ከግርጌ ያሉትን 50 ሲመለከት ግን ከትንንሾቹ 9 አገኘ። በዚያች ሀገር አናቱን ብቻ አይተው ትላልቅ ትምህርት ቤቶችን ወደ ትንንሽ ለመከፋፈል ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሱ ነበሩ። በእኛ ሀገር ያን ያህል ገንዘብ አይፈስም፤ ነገር ግን ዋንጫና ወቀሳ በዚሁ መንገድ ይታደላሉ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ላይ ደረስን፤ ቋንቋ።

የአዲስ ከተማ ልጆች ከየት መጡ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ አይደለም። ሐዋሳ ገና ከምሥረታዋ ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች ያደገች ከተማ ናት። ቀድሞ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ከክልሉ ማዕዘናት ሁሉ ሠራተኛ ሰበሰበች፤ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ወጣቶችን አመጣ። ከኅዳር 10 ቀን 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሲዳማ ክልል ሲሆን መዲናው ሆናለች። በአንድ ሰፈር ውስጥ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አብረው ኳስ ይጫወታሉ። በሜዳው ላይ ችግር የለባቸውም፤ ልጅ ቋንቋ አይቸግረውም እንላለን። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ይቸግረዋል።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ክሂል ምዘና፣ በተለምዶ ኢግራ የሚባለው፣ ተካሂዶ ነበር። ይህ ባለምርጫ ፈተና አይደለም። ልጁ ለብቻው ከመዛኙ ፊት ይቀመጣል፤ ፊደል፣ ቃል፣ ከዚያም አጭር ታሪክ ያነባል፤ ስላነበበው ይጠየቃል። መገመት አይቻልም። በጠቅላላው ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ የሚሆኑት ከታሪኩ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በያኔው ሲዳማ ዞን ደግሞ ከ100 የ2ኛ ክፍል ልጆች 69 ያህሉ ስላነበቡት ታሪክ ከቀረበላቸው ጥያቄ አንዱንም አልመለሱም፤ በምዘናው ከተካተቱት አካባቢዎች ሁሉ ከባዱ ውጤት ይህ ነበር።

ይህን ቁጥር በትዕቢት የሚጠቅሱ ሰዎች ስላሉ ጥንቃቄ ልጨምርበት። ሲዳምኛ ትምህርት ቤት የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በምዘናው ጊዜ ዕድሜው ገና አሥራ ምናምን ዓመት ነበር። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን ረጅም አናባቢና የሚጠብቅ ተነባቢ ሁሉ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ ቃሉም በየቅጥያው እየረዘመ ይሄዳል። በአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይመጣል፣ ማጥበቅና ማላላቱን ጨርሶ አይጽፈውም። ስለዚህ «በደቂቃ ስንት ቃል አነበበ» ተብሎ የሁለቱ ቋንቋ ልጆች ሲወዳደሩ፣ የሚወዳደሩት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ ሁለቱ አጻጻፎችም ናቸው። በዚህ ላይ የማንበቢያ መጽሐፍ እጥረት አለ። በአማርኛ የልጆች ተረት በየመጻሕፍት መደብሩ ይገኛል፤ የሲዳማ ልጅ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ በቋንቋው የተጻፈ ምን ያገኝ ነበር? ከዚያ በኋላ በሲዳምኛና በሌሎች ስድስት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት መዘጋጀታቸው ከዚህ ምዘና የተገኘ በጎ ፍሬ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ግን 69 ቁጥሩ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ፣ በአፍ መፍቻው በቀረበለት አጭር ታሪክ ላይ አንድ ጥያቄ ያልመለሰ ልጅ 3ኛ ክፍል ገባ፤ 4ኛ ክፍልም ገባ። በደቡብ ክልል በዚያን ጊዜ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆን ነበር። በገዛ ቋንቋው ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ሳይንስንና ሒሳብን በእንግሊዝኛ አንብብ ተባለ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለትምህርት ሚኒስቴር ባደረጉት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ማሳየታቸውን ልብ በሉ። ወላጅ ልጁ ቶሎ እንግሊዝኛ እንዲጀምር ይጓጓል፤ ጉጉቱንም እረዳለሁ፤ ማስረጃው ግን ከጉጉቱ ጋር አይሄድም።

እንግዲህ ሁለት ትምህርት ቤቶችን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። በአንደኛው፣ ልጆች ሦስት ዓመት አፀደ ሕፃናት ቆይተው፣ በመግቢያ ፈተና ተመርጠው፣ ፊደል ለይተው 1ኛ ክፍል ይገባሉ። በሌላው፣ ግማሹ ልጅ ኦ ክፍልን እንኳ ሳያይ፣ መምህሩ የሚናገረውን ቋንቋ በሰፈር ሰምቶት ብቻ ይመጣል። በ6ኛ ክፍል የመጀመሪያው 72፣ ሁለተኛው 51 አመጣ እንበል። የትኛው የበለጠ አስተማረ? ከዚያ ሠንጠረዥ ተነሥቶ ይህን መመለስ የሚችል ሰው የለም፤ መነሻው አልተለካምና። ሆኖም በግምገማው ላይ የሚቆመው የሁለተኛው ርዕሰ መምህር ነው። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ለዓመታት የደከመች የ1ኛ ክፍል መምህርት ትጋቷ በየትኛውም ዓምድ ላይ አይታይም። ጎበዝ መምህር ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤት ለመዛወር ቢመኝ አልፈርድበትም።

ሠንጠረዡ ከሽልማትና ከቅጣት ጋር ሲታሰር የሚመጣውም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1862 ሮበርት ሎው የትምህርት ቤቶችን ድጎማ ተማሪዎቻቸው በተቆጣጣሪ ፊት በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ከሚያሳዩት ውጤት ጋር አስሮት ነበር። መምህራን የመጽሐፉን ገጽ ልጆቹን በቃል አስጠኗቸው። ራሱ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ የነበረው ገጣሚው ማቲው አርኖልድ ሥርዓቱ ትምህርቱን ሕይወት እንዳሳጣው ደጋግሞ ጻፈ፤ ሥርዓቱ ግን እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ቆየ። በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ደግሞ የተማሪዎችን የመልስ ወረቀት እያጠፉ ያረሙ መምህራንና ኃላፊዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ዶናልድ ካምቤል የተባለው ምሁር ይህን በ1970ዎቹ ውስጥ ጠቅለል አድርጎ ገልጾታል፤ አንድ ቁጥር ለውሳኔ ባገለገለ መጠን ራሱ ቁጥሩም፣ እንዲለካ የታሰበው ነገርም ይበላሻል። በእኛ ዘንድ የኩረጃው ነገር ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለተማሪዎች መንገር አያሻኝም፤ አንዳንዶቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አድራችሁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዳችሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የ12ኛ ክፍልን ካነሣሁ አይቀር፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲገለጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሀገሩን አስደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ተባለ፤ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ወረርሽኙ። ሁሉም እውነት አለበት። ነገር ግን አንድ ቀላል የዕድሜ ስሌት ሥሩ። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የደረሰ፣ ሳይደግም የመጣ ልጅ፣ 1ኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። የኢግራ ምዘና በተካሄደ በዓመቱ መሆኑ ነው። ታሪክ አንብበው ያልተረዱት ልጆች በተቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ምናልባትም ከዚያው መምህር ፊት፣ ተቀምጧል። ወሬው ከ12 ዓመት በፊት ደርሶን ነበር። በሪፖርት መልክ ደርሶን፣ በዎርክሾፕ ቀርቦ፣ በሼልፍ ላይ ቀረ፤ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ግን በእርሱ ትምህርት ቤት እነዚያ ልጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ በስም አላወቀም። የናሙና ጥናት ባሕርይው ይህ ነው፤ ስለ ሀገር ይናገራል፣ ስለ አንድ ልጅ ግን አይናገርም።

የ6ኛ ክፍሉ ክልላዊ ፈተና ደግሞ ስለ ልጁ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያ ዕድሜ ማንበብ የማይችል ልጅ ላለፉት አራት ዓመታት በየክፍሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ ኖሯል። የደብተሩ ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ያማረ ነው። ለማስተማር ልምምድ የወጣችሁ ይህን አይታችኋል፤ «ያነበብከውን ንገረኝ» እስካላላችሁት ድረስ ማንም አይነቃበትም። ባለምርጫ ፈተናም ላይነቃበት ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት የሚያካሂደው ቀላል ምዘና አለ። አንድ ወረቀት ነው፤ በላዩ ፊደላት፣ ቃላት፣ አንድ አጭር አንቀጽና አንድ አጭር ታሪክ ሰፍረዋል። ልጁ የደረሰበት ይመዘገባል፤ ውጤቱም በመቶኛ ሳይሆን በደረጃ ይነገራል፦ ፊደል ላይ ነው፣ ቃል ላይ ነው፣ አንቀጽ ላይ ነው። ወላጅም ይረዳዋል። በምሥራቅ አፍሪካም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ኡዌዞ በሚል ስም ተሠርቶበታል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከምዘናው በኋላ የሚሆነው ነው። ልጆች በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የክፍል ደረጃቸው ቀርቶ በደረሱበት የንባብ ደረጃ ተቧድነው ይማራሉ፤ ፊደል ላይ ያለው የ4ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ላይ ካለው የ3ኛ ክፍል ልጅ ጋር። ይህ አሠራር በመስክ ሙከራዎች ተፈትኖ ውጤታማነቱ ከታየላቸው ጥቂት አሠራሮች አንዱ ነው።

በአዲስ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ይህን ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? 120 የ2ኛ ክፍል ልጆች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት ነው። ሁለት መምህራን ቢከፋፈሉት በአንድ ሳምንት ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ያልቃል። ወረቀቱ በሲዳምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ በሚማርበት ቋንቋ ይቀርብለታል፤ የሁለቱ ቋንቋ ውጤቶችም ጎን ለጎን አይወዳደሩም፤ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። መስከረም ላይ አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ ቢደረግ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ከየት ተቀብሎ የት እንዳደረሳቸው ይታወቃል፤ ከዚያ ሠንጠረዥ የጎደለውም ይኸው መነሻው ነበር። እናንተ የማስተማር ልምምድ ተማሪዎች መዛኝ ብትሆኑ የመምህራኑ ሸክም ይቀላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁም ከመጠይቅ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ታገኙበታላችሁ። መጠይቅ ሠልችቶኛል፤ ይህን በግልጽ ብናገር አማካሪዎቻችሁ ይቅር ይሉኛል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከዚህ ቀደምም ቀርቦልኛል። «ሠንጠረዡን ካጣጣልከው መምህሩን ማን ይጠይቀዋል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ክልላዊ ፈተናው ይቅር አላልሁም፤ ልጁ ወደ 7ኛ ክፍል ለማለፍ ብቁ መሆኑን ለማወቅ ያስፈልጋል። መጠየቅም ያስፈልጋል። ነገር ግን በግንቦት ምዘና አሥር ልጆች ከፊደል ወደ ቃል ያልተሻገሩበትን የ2ኛ ክፍል መምህር ስለነዚያ አሥር ልጆች በስማቸው መጠየቅ፣ 51 በመቶ ስላመጣ ትምህርት ቤት ሁሉንም መምህራን በጅምላ ከመጠየቅ የጠበቀ ነው፤ ለመምህሩም መውጫ የለውም። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ይህ የንባብ ምዝገባ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በክፍለ ከተማ ደረጃ ለደረጃ ማውጫ የዋለ ዕለት ካምቤል ያለው ይደርሳል። መምህሩ ያንኑ አጭር ታሪክ ልጆቹን በቃል ያስጠናቸዋል፤ በሚቀጥለው ግንቦትም ሁሉም ልጅ ታሪኩን ወረቀቱን ሳያይ ይወጣዋል። ስለዚህ መዝገቡ በርዕሰ መምህሩ፣ በክፍሉ መምህርና በወላጅ እጅ ይቆይ፤ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይየው፣ ከልጆቹም አምስቱን በሌላ ታሪክ ራሱ ያስነብባቸው፤ ቁጥሩን ግን ይዞ አይሂድ።

ይህን በሁለት ትምህርት ቤቶች ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ ርዕሳነ መምህራን ካሉ ከንግግሩ በኋላ ከእኔ ጋር እንዲቆዩ እጠይቃለሁ። የወረቀቱ የአማርኛ ረቂቅ በእጄ አለ፤ ለሲዳምኛው ግን ቋንቋውን በትምህርት ክፍል የሚያስተምሩ ባልደረቦቼን እርዳታ እፈልጋለሁ፤ የአማርኛውን መተርጎም አይሆንም፤ ታሪኩም የቃላቱም ርዝመት ከቋንቋው ከራሱ መነሣት አለበት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።